ስለ ቀላል ማስጠሚያና ስለ አራቱ የሻሸመኔ መንገዶች

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር

ሻሸመኔ የራሷ ሐይቅ የላትም። ይሁን እንጂ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ከተሞች መካከል እንደ እርሷ የብዙ ውኃዎች በር የሆነች ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ከከተማይቱ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ በአርሲ ነገሌ በኩል ሻላን፣ አብያታንና ላንጋኖን ያገኛል። ወደ ደቡብ የሚወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ በሐላባና በሶዶ አድርጎ ወደ አባያና ወደ ጫሞ ያደርሳል። ወደ ምሥራቅ የሚወጣው ደግሞ በኮፈሌና በዶዶላ በኩል እስከ ባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ይዘልቃል። በእነዚህ አራት መንገዶች ለእንጀራም ሆነ ለመዝናናት መንጠቆ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከመንጠቆው ጋር አንዲት ትንሽ ነገር በኪሱ ይይዛል፤ እርሷም መንጠቆውን ወደ ውኃው ውስጥ የምታወርደው ክብደት ናት። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህች ክብደት ናት።

ነገሩ በማኅበር ስብሰባ ላይ ለመነሣት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ስለ ዓሣ ሀብት በሚደረገው ውይይት ስለ መረብ ዓይን ስፋት፣ ስለ ጀልባ፣ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ገበያ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ማስጠሚያ ግን እምብዛም አይነሣም። ሆኖም በመንጠቆ የሚተዳደር አጥማጅ በቀን ውስጥ የሚያገኘው ዓሣ፣ በድንጋይና በሣር ተይዞ የሚቀርበት መንጠቆና ክር፣ እንዲሁም ሥራው በሐይቁ ዳር በሚኖሩት ሰዎችና አእዋፍ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ሁሉ ከዚህች ክብደት ጋር የተያያዘ ነው። የንግግሩ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ትክክለኛው ክብደት መንጠቆውን ዓሣው ወዳለበት ለማድረስ የሚበቃው ትንሹ ክብደት ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው ሁሉ ወጪና ጉዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሁለት ዓይነት ክብደቶች መናገር ያስፈልጋል። አንደኛው ከመንጠቆው ተለይቶ በክሩ ላይ የሚታሰረው ወይም የሚቆነጠጠው ማስጠሚያ ነው። ሁለተኛው በውጭ አገር ጂግ የሚባለው ሲሆን፣ እርሳስ ወይም ሌላ ብረት በመንጠቆው አንገት ላይ ፈስሶ ክብደቱና መንጠቆው አንድ አካል የሆኑበት ነው፤ ይህንንም ራሰ ከባድ መንጠቆ ማለት ይቻላል። ማስጠሚያው ከመንጠቆው ራቅ ብሎ ሲታሰር የመንጠቆው ምግብ እንደ ልቡ ይዋዥቃል። ራሰ ከባዱ ግን በአፍንጫው ተደፍቶ ይወርዳል፤ ክሩ ሳብ ሲደረግ ይነሣል፤ ሲለቀቅ ይወድቃል። ይህ መነሣትና መውደቅ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ወይም ከጭቃ የወጣ ነፍሳት ስለሚመስል ዓሣ አዳኝ የሆነውን ዓሣ ይስባል።

ይህ ጥበብ እጅግ የተራቀቀው በሰሜን አሜሪካ፣ ባስ የሚባለውን ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ ነው። ባስ ለስምጥ ሸለቆ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ኬንያው የናይቫሻ ሐይቅ ገብቶ ነበርና። የባስ አጥማጆች ብዙ በተጠመደበት ውኃ ዓሣው ትልቅ እርሳስ ሲመጣ እየሸሸ ሲያስቸግራቸው፣ ከ1 እስከ 4 ግራም በሚመዝን ማስጠሚያ መሥራት ልማድ አድርገዋል። ከሻሸመኔ በሚደረስባቸው ሐይቆች የሚጠመደው ሌላ ዓሣ ነው፤ ዳሩ ግን ውኃ በየትም ቦታ ውኃ ስለሆነ የጥበቡ መሠረት እዚህም ይሠራል።

መሠረቱን ለመረዳት ክብደት በውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ ማየት ይገባል። ውኃ የሚወርደውን ነገር ይቃወማል፤ ተቃውሞውም ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ከፍጥነቱ ይልቅ እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ የማጥመጃው መጠንና ቅርፅ ሳይለወጥ ክብደቱ ብቻ 4 እጥፍ ቢደረግ፣ የሚወርድበት ፍጥነት 4 እጥፍ ሳይሆን 2 እጥፍ ያህል ብቻ ይሆናል። ለምሳሌ ባለ 8 ግራም ማጥመጃ በሴኮንድ 60 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ቢሆን፣ በ2 ግራም የተተካው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። 3 ሜትር በሚጠልቅ ውኃ የመጀመሪያው በ5 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው በ10 ሴኮንድ መሬት ይነካል ማለት ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በአንድ በኩል፣ ክብደት የሚጨምር አጥማጅ በፍጥነት በኩል የሚያተርፈው ከገመተው ያነሰ ነው። በሌላ በኩል፣ ክብደት የሚቀንስ አጥማጅ የመንጠቆውን ምግብ በዓሣው ፊት በእጥፍ ለረዘመ ጊዜ ያቆየዋል። ብዙ ዓሣም ምግቡን የሚወስደው ምግቡ በመውረድ ላይ ሳለ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዓሣው አበላል የሚመጣ ነው። አብዛኛው ዓሣ ምግቡን እንደ ውሻ አይነክስም፤ አፉን በድንገት ከፍቶ ውኃውን ከነምግቡ ወደ ውስጥ ይስባል። ምግቡ ቀላል ከሆነ ከውኃው ጋር ሰተት ብሎ ይገባል። ከባድ እርሳስ የተሸከመ ከሆነ ግን ውኃው ሲገባ ምግቡ ከደጅ ይቀራል፤ ወይም ከገባ በኋላ ዓሣው ባዕድ ነገር መሆኑን ዐውቆ ወዲያው ይተፋዋል። አጥማጁ በክሩ ላይ አንድ ጊዜ ንዝረት ተሰምቶት ሲስብ ባዶ መንጠቆ የሚያወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስምንት ጢሞች ያሉትና በጨለማም ቢሆን ምግቡን እየዳሰሰ የሚፈልገው አምባዛ በተለይ ይህን የመሰለውን ነገር ቶሎ ይለያል።

ሦስተኛው ምክንያት የኪስ ጉዳይ ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደሚባለው፣ ከባድ እርሳስ የሐይቁን ወለል እየጎረጎረ ሣርና ድንጋይ ይዞ ይቀራል። ራቅ ብሎ የተወረወረ ከባድ ማስጠሚያ በቋጥኝ መካከል ሲወሸቅ ክሩ ይበጠሳል፤ አጥማጁም እርሳሱን ብቻ ሳይሆን መንጠቆውንና ብዙ ሜትር ክር ያጣል። ቀላሉ ግን በሣሩ ላይ ይቀመጣል፤ በድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል። መንጠቆ በገዛ ገንዘቡ ለሚገዛ አጥማጅ ይህ የቀን ገቢን የሚነካ ልዩነት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ቀላል ክብደት ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። ነፋስ ሲነሣ ክሩ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ጀልባውም ይገፋል፤ በዚህም ጊዜ ቀላሉ ማስጠሚያ ወለሉን ሳይነካ በላይ ተንሳፍፎ ይጎተታል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ማለዳው ጸጥ ያለ፣ ከሰዓት በኋላው ነፋሻ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጧት በ2 ግራም የሚሠራ አጥማጅ ከሰዓት በኋላ ወደ 5 ወይም ወደ 7 ግራም መሸጋገር ይኖርበታል። ክሩም ቢሆን ከክብደቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ወፍራም ክር ቀላል ማስጠሚያን ይገዛዋል፤ የክሩ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ውኃው በክሩ ላይ የሚያሳርፈው ተቃውሞም በግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን የክሩ ጥንካሬ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ክር ለማቅጠን መጣደፍ ትልቁን ዓሣ ከነመንጠቆው ማጣት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አራቱ መንገዶች እንመለስ።

ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ የሚያደርስበት የሐዋሳ ሐይቅ እጅግ ጥልቅ አይደለም፤ ከፍተኛ ጥልቀቱ 22 ሜትር ያህል፣ አማካይ ጥልቀቱ 11 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው በደንገል፣ በፊላና በሌላ የውኃ ሣር የተሸፈነ ስለሆነ ከባድ እርሳስ ወዳጁ አይደለም። በሐይቁ ቆሮሶ በአብዛኛው በመረብ ሲያዝ፣ አምባዛና ቢልጫ በረጅም የመንጠቆ ገመድ ይጠመዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መለየት ያስፈልጋል። ረጅሙን ገመድ ከዳርና ከዳር አጥብቆ የሚይዘው መልሕቅ ከባድ መሆን አለበት፤ ሥራው አለመንቀሳቀስ ነውና። በእያንዳንዱ መንጠቆ አጠገብ የሚገባው ክብደት ግን ትንሽ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማያስፈልግ ነው። በሣሩ ጠርዝ በእጅ ክር ወይም በዘንግ ለሚያጠምድ ሰው 1 ወይም 2 ግራም፣ በቡሽ ተንሳፋፊ ታግዞ፣ ጧት ለሚሠራው ሥራ በቂ ነው።

ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ሦስት ሐይቆች አንዱ ከሌላው ይለያያሉ። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ጨዋማ ውኃ በመሆኑ የአጥማጅ ሐይቅ አይደለም። አብያታም በአንድ ወቅት ቆሮሶ የሚጠመድበት ሐይቅ ነበር፤ ውኃው እየሸሸና ጨዋማነቱ እየበረታ ከሄደ ወዲህ ግን ዓሣው አልቋል። የሚቀረው ላንጋኖ ነው። ላንጋኖ ከ45 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው፤ ውኃውም በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት ቡናማ ነው። በእንዲህ ያለው ውኃ ዓሣ ከዓይኑ ይልቅ በሽታውና በንዝረቱ ስለሚመራ፣ የሚሸት ምግብና ቀስ ብሎ ወለሉን እየነካ የሚነሣ ራሰ ከባድ መንጠቆ ይስማማዋል። ጥልቀቱና የከሰዓቱ ነፋስ ግን ከሐዋሳው የበለጠ ክብደት ይጠይቃሉ፤ 5 ግራም መነሻ፣ 10 ግራም ደግሞ ለነፋሻው ሰዓት የሚሆን ነው። በላንጋኖ 1 ግራም ይዞ ከሰዓት በኋላ የሚቆም ሰው ቀላልነትን እንደ ሕግ የተቀበለ እንጂ ምክንያቱን የተረዳ አይደለም።

ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ የሚያደርስበት ጫሞ የናይል ፐርች አገር ነው። ይህ ዓሣ በመልኩና በአደኑ ከሁሉም ይልቅ ለባስ የሚቀርብ ሲሆን፣ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊያድግ ይችላል። በዚያ ላይ ጥርሰ ስለታም የሆነው ነብር ዓሣ ስላለ፣ ከመንጠቆው በላይ አጭር የሽቦ ክር ማስገባት ግድ ይሆናል። ስለዚህ በጫሞ ቀላል ማለት 10 ወይም 15 ግራም ነው፤ ቀላልነት ሁልጊዜ ከዓሣው፣ ከክሩና ከውኃው አንጻር የሚለካ መሆኑ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። በተጨማሪም ጫሞ በአዞና በጉማሬ የታወቀ ሐይቅ ስለሆነ፣ የተወሸቀ መንጠቆ ለማስለቀቅ ወደ ውኃ መግባት የማይታሰብ ነው። ከወለሉ ጋር የማይጣበቅ ክብደት በዚያ ሐይቅ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው። የጫሞ ናይል ፐርች በብዛት በመጠመዱ እየተመናመነ ስለመጣ፣ ያልደረሰውን ዓሣ ሳያቆስሉ መልቀቅም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ውኃ ያሳያል። ዌብን፣ ሻያንና ዳንካን በመሳሰሉት የባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ የመጣ ትራውት ይገኛል። ትራውት ከድንጋይ ጥላ ሥር ቆሞ ወንዙ የሚያመጣለትን ምግብ ይጠብቃል። ስለዚህ የመንጠቆው ምግብ ከወንዙ ጋር እኩል መጓዝ፣ አልፎ አልፎም ወለሉን መንካት አለበት። ከባድ ማስጠሚያ ምግቡን አንድ ቦታ ላይ ቸክሎ ያስቀረዋል፤ ፈጽሞ ክብደት የሌለው ደግሞ ከዓሣው ራስ በላይ ያልፋል። ግማሽ ግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ በምትጨመርበትና በምትቀነስበት ጊዜ የሚታየው ልዩነት ከየትኛውም ሐይቅ ይልቅ እዚህ ይታወቃል። በፓርክ ክልል ለሚያጠምድ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ተገቢ መሆኑም ሊታወስ ይገባል።

እስካሁን የተነገረው ክብደቱ ምን ያህል ይሁን ስለሚለው ነበር። የሚቀረው፣ ምናልባትም የሚበልጠው፣ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ነው።

እርሳስ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከውኃ 11 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ በተራ እሳት ላይ ይፈሳል፤ በጣትም ይታጠፋል። 10 ግራም እርሳስ ውኃ ውስጥ ሲገባ 9 ግራም ያህል ክብደት ይቀርለታል። 10 ግራም ብረት 8 ግራም ከ7 ያህል፣ 10 ግራም ጥሩ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ 6 ግራም ተኩል ያህል ይቀርለታል። ባልጩት ከጥቁር ድንጋይ ያንሳል፤ በስምጥ ሸለቆ የሚበዛው ቀዳዳማው የፑሚስ ድንጋይ ጭራሽ ይንሳፈፋል። ከድንጋይ የተሠራ ማስጠሚያ እንደ እርሳሱ እንዲሠራ ከተፈለገ እጅግ መጉላት አለበት፤ በጎላም መጠን ውኃው ይቃወመዋል። የእርሳስ ጥቅም ይህን ያህል ግልጽ ነው።

ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። በእንግሊዝ አገር ስዋን የሚባለው ትልቅ ነጭ የውኃ ወፍ ምግቡን ለመፍጨት ጠጠር ሲለቅም፣ አጥማጆች የጣሉትን የእርሳስ ፍሬ አብሮ እየዋጠ ብዙው ተመርዞ ይሞት ነበር። በዚህ ምክንያት ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 28 ግራም ያህልና ከዚያ በታች የሚመዝነው አብዛኛው የእርሳስ ማስጠሚያ እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ ከዚያም በኋላ የወፉ ቁጥር እንደገና አንሠራራ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ወፎቹን የገደለው ትልቁ ሳይሆን ወፍ ሊውጠው የሚችለው ትንሹ እርሳስ መሆኑ ነው። እንግዲህ ስለ ቀላል ማስጠሚያ የሚመክር ሰው ስለ ማስጠሚያው ጥሬ ዕቃ ዝም ካለ፣ በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው ያፈርሳል።

በሐዋሳ አሞራ ገደል ማለዳ የቆመ ሰው የጉዳዩን ቅርበት በዓይኑ ያያል። ዓሣው ከጀልባ ወርዶ በዚያው ዳርቻ ይበለታል፤ አባ ኮዳዎች በሰዎቹ መካከል ቆመው የሚጣለውን የሆድ ዕቃ ይጠባበቃሉ፤ የሚጣልላቸውንም ሳያመነቱ ይውጣሉ። በዓሣው ሆድ ውስጥ የቀረ መንጠቆና እርሳስ ቢኖር አብሮ ይሄዳል። ከወፎቹም ይልቅ የሚያሳስበው ሰው ነው። እርሳስ በቤት ውስጥ በሚቀልጥበት ቦታ ሁሉ ጢሱና ብናኙ ወደ ማብሰያ ዕቃና ወደ ሕፃናት እጅ ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅና፣ ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ እንደሚሆን ይገልጻል። የተሰነጠቀውን የእርሳስ ፍሬ በጥርስ ነክሶ በክር ላይ ማጥበቅም ልማድ ሆኖ ሊቀጥል የማይገባው አድራጎት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እርሳስን በአንድ ቀን መተው ከአጥማጁ አቅም በላይ ይሆናል። ከእርሳስ የሚከብደው ተንግስተን ለባዕድ አገር ስፖርተኞች እንጂ ለሐዋሳ አጥማጅ የሚመች ዋጋ የለውም። ነገር ግን ሥራው በራሱ መንገድ ያሳያል። ክብደቱ በቦታው ተቀምጦ ብቻ በሚያገለግልበት፣ ማለትም ለረጅም የመንጠቆ ገመድ መልሕቅና ለመረብ ማስጠሚያ፣ ጥቁር ድንጋይ ያለ ምንም ችግር የእርሳስን ሥራ ይሠራል። 2 ወይም 3 ግራም ለሚበቃበት የማለዳ ሥራ፣ ትንሽ ብሎን ወይም የብሎን ዳዶ ክር አስገብቶ ማሰር ይቻላል፤ ብረት ከእርሳስ ጥቂት ቢጎላም ለዚህ ሥራ አያንስም። እርሳስ የግድ በሚያስፈልግበት በጥልቁና በነፋሻው ውኃ ብቻ እርሳስ ይቅር፤ እርሱም ቢሆን ከቤት ውጭ በተለየ ዕቃ የቀለጠ፣ ከክሩ ጋር በሚገባ የታሰረ፣ ሲበጠስም የሚሰበሰብ ይሁን። ክብደት መቀነስ ራሱ በሐይቁ የሚቀረውን እርሳስ ስለሚቀንስ፣ ለዓሣው የሚበጀው ምክር ለወፉና ለሕፃኑም የሚበጅ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብቱ ሳይጎዳ ጥቅም እንዲሰጥ ለማድረግ የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ አጥማጁ በኪሱ የሚይዘውን የግራም ክብደት የሚቆጣጠር አዋጅ ሊኖር አይችልም። እርሱን የሚለውጠው ከአጥማጁ ጎን ቆሞ በሥራው ላይ የሚያሳየው ባለሙያ ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ከዚህ ንግግር ወደየሥራ ቦታው ሊወሰድ የሚገባው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየሐይቁ የሚሰጠው የአጥማጆች ሥልጠና ከመረብ ዓይን ስፋት ጋር የማስጠሚያን ክብደትና ጥሬ ዕቃም ይጨምር፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ሚዛንና አንድ ባልዲ ውኃ ነው። ሁለተኛ፣ ዓሣ በሚበለትበት ዳርቻ መንጠቆና እርሳስ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ይቀመጥ፤ የሆድ ዕቃውም ሳይፈተሽ አይጣል። ሦስተኛ፣ ምክሩ ከውኃው ጋር ይስማማ፤ ለሐዋሳ የተነገረው ለጫሞ፣ ለላንጋኖ የተነገረው ለዌብ እንዳልሆነ ይታወቅ።

ጧት ከሻሸመኔ የሚነሣው አጥማጅ በመስቀለኛው መንገድ ላይ ሲቆም የሚመርጠው መንገዱን ብቻ አይደለም። ወዴት እንደሚሄድ ካወቀ፣ ከኪሱ ምን ያህል ክብደት ማውጣት እንዳለበትም ያውቃል። ይህን ዕውቀት ለአጥማጁ ማድረስ የባለሙያው ተራ ነው።